ሁበርት ጁሊያን፦ የጃንጥላ ወራጁ ሕይወትና ለእኛ ያለው ትምህርት

ስለ አገራችን የአቪዬሽን ታሪክ ሲነሳ ሚሽካ ባቢቼፍ፣ አስፋው ዓሊና አሜሪካዊው ጆን ሮቢንሰን ይጠቀሳሉ። ከእነዚህ ሰዎች ጎን አንዳንዴ እንደ ቀልድ፣ አንዳንዴም እንደ ወቀሳ ስሙ ብቅ የሚል ሌላ ሰው አለ። ይኸውም ጋዜጦች «የሀርለሙ ጥቁር ንስር» ይሉት የነበረው ሁበርት ፎንትለሮይ ጁሊያን ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጁሊያንን የሕይወት ታሪክ ባጭሩ ማቅረብና፣ በዚያው አስታኮ ለእኛ ለፊዚክስ ተማሪዎች የሚጠቅም አንድ ጥያቄ ማንሳት ነው። ጥያቄው የአደጋ ጊዜ ፓራሹት እንዴት ነው የሚከፈተው፣ አብራሪውስ መቼ ነው መክፈት ያለበት የሚል ነው።

ታዲያ የአንድ ሰው ታሪክና የፓራሹት አከፋፈት ምን አገናኛቸው የሚል አንባቢ ይኖራል። ጁሊያን ስሙን ያገኘው በፓራሹት ነው፤ የፈጠራ መብት ያስመዘገበው በፓራሹት ነው፤ በኢትዮጵያ የኮሎኔልነት ማዕረግ ያስገኘለትም ፓራሹት ነው። ይሁን እንጂ ስሙን ባጎደፉት ሁለት አደጋዎች ላይ ፓራሹት አልደረሰለትም። የሰውየው ታሪክ ፓራሹት መኖሩ ብቻውን እንደማያድን፣ የሚያድነው ከፍታና ቀድሞ መወሰን እንደሆነ በደንብ ያሳያል። (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዘመኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

ትውልድና ወጣትነት

ጁሊያን በ1897 በትሪኒዳድ ደሴት በፖርት ኦፍ ስፔን ከተማ ተወለደ። ትሪኒዳድ በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ነበረች። የራይት ወንድማማቾች ባለሞተር አውሮፕላን ያበረሩት በ1903 ስለሆነ፣ ጁሊያን ከአውሮፕላን ጋር አብሮ ያደገ ሰው ነው ማለት ይቻላል። ወጣት ሳለ ወደ ካናዳ ተሻግሮ በሞንትሪያል ከተማ ተቀመጠ፤ በረራም እዚያው እንደተማረ ይናገር ነበር። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ጁሊያን ስለ ራሱ የሚያወራው ሁሉ እንዳለ የሚወሰድ አይደለም። ማጋነን ይወድ ነበር፤ አለባበሱም አነጋገሩም ሰው እንዲያየው የተሰናዳ ነበር። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የሚከተለው የራሱን ወሬ ሳይሆን በይፋ የታወቁ ሥራዎቹን ነው።

ከእነዚህ የመጀመሪያው ፈጠራው ነው። በ1921 ለአውሮፕላን ደኅንነት የሚያገለግል መሣሪያ ፈልስፎ በአሜሪካ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ የአውሮፕላኑ ሞተር አየር ላይ ቢጠፋ፣ ታጥፎ የተቀመጠ ጃንጥላ መሰል ነገር ከአውሮፕላኑ በላይ ይዘረጋል፤ አውሮፕላኑም ሰዎቹን እንደያዘ ቀስ ብሎ ይወርዳል። መሣሪያው በጊዜው ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። ሐሳቡ ግን ከንቱ አልነበረም። ቦሪስ ፖፖቭ የተባለ ሰው በ1980 ቢአርኤስ የሚባል ድርጅት አሜሪካ ውስጥ አቋቁሞ ለትንንሽ አውሮፕላኖች የሚሆን ፓራሹት መሥራት ጀመረ። በ1998 ደግሞ ሲረስ ኤስአር20 የተባለችው ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን፣ እንዳለች የሚያወርዳት ፓራሹት ከፋብሪካ ተገጥሞላት የበረራ ማረጋገጫ አገኘች። በ2002 በቴክሳስ አንድ አብራሪ የክንፍ መቆጣጠሪያው አየር ላይ ሲላቀቅበት ይህንኑ ፓራሹት ከፍቶ በሰላም ወረደ። ከዚያ ወዲህ በሲረስ አውሮፕላኖች ፓራሹት ከ200 በላይ ሰዎች ተርፈዋል። እንግዲህ የትሪኒዳዱ ወጣት ያለመው ነገር ስምንት አሥርት ዓመታት ገደማ ቆይቶ ሥራ ላይ ውሏል ማለት ነው።

ፓራሹት እንዴት ይከፈታል?

ፓራሹት ሲያዩት ጨርቅና ገመድ ነው፤ አከፋፈቱ ግን ደረጃ አለው። አብራሪው ጀርባው ላይ የሚያስረውን እንውሰድ። እጀታው ሲሳብ የቦርሳውን አፍ የያዙት ቀጫጭን ሽቦዎች ይወልቃሉ። ያኔ ውስጥ ታምቃ የነበረች በሞላ (ስፕሪንግ) የምትሠራ ትንሽ ፓራሹት ተፈናጥራ ትወጣለች። እሷ ነፋስ ስትይዝ ዋናውን ጨርቅና ገመዶቹን ጎትታ ታወጣለች። ከዚያ አየር ከሥር እየገባ መጀመሪያ አናቱን፣ ቀጥሎ ዙሪያውን ይሞላዋል። ይህ ሁሉ 3 ሴኮንድ ገደማ ይፈጃል።

ለአውሮፕላን የሚገጠመው ደግሞ በሮኬት ነው የሚወጣው። አብራሪው ከራሱ በላይ ጣሪያው ላይ ያለውን እጀታ በሁለት እጁ አጥብቆ ወደ ታች ሲስብ ሮኬቱ ይተኮሳል፤ ፓራሹቱንም ከአውሮፕላኑ ኋላ ጎትቶ ያወጣዋል። ጨርቁ በአንድ ጊዜ ቦግ ብሎ ቢከፈት ግን ገመዱ ይበጠሳል ወይም ጨርቁ ይቀደዳል። ለዚህ ሲባል ገመዶቹን ሰብስቦ የሚይዝ ቀለበት አለ፤ ቀለበቱ ወደ ታች የሚንሸራተተው የአውሮፕላኑ ፍጥነት እየቀነሰ ሲሄድ ነው። መጨረሻ ላይ አውሮፕላኑ ተስተካክሎ በሆዱ ይወርዳል። መሬት ሲነካ የሚሰማው ምት ከ4 ሜትር ገደማ ከፍታ እንደመውደቅ ነው፤ ይህንንም ጎማዎቹና በልዩ ሁኔታ የተሠሩት መቀመጫዎች ይቀበሉታል።

በክፍል እንደተማርነው የአየር መቋቋም ኃይል በአየሩ እፍጋት፣ በጨርቁ ስፋትና በፍጥነቱ ካሬ ይወሰናል። ፓራሹት የሚሠራው ስፋቱን በድንገት በማብዛት ነው። ነገር ግን ስፋቱ እንዲበዛ ጊዜ ያስፈልጋል፤ ጊዜ ደግሞ ለሚወድቅ ሰው ከፍታ ነው። የአየር መቋቋምን ትተን ብናሰላው አንድ ዕቃ በ3 ሴኮንድ 44 ሜትር፣ በ5 ሴኮንድ 122 ሜትር ይወድቃል።

የሀርለም ዘመን

ጁሊያን በ1921 ወደ ኒውዮርክ ሄዶ ጥቁሮች በብዛት በሚኖሩበት በሀርለም ሰፈር ተቀመጠ። ጊዜው የማርከስ ጋርቬይ እንቅስቃሴ የገነነበት ነው። በአድዋ ምክንያት ኢትዮጵያ የሚለው ስም በዚያ ሰፈር የክብር ስም ነበር። ጥቁር ሰው አውሮፕላን ማብረር አይችልም ተብሎ በሚታመንበት አገር ጁሊያን በ1923 ሀርለም ላይ ሁለት ጊዜ በፓራሹት ዘለለ። በመጀመሪያው ዝላይ ቀይ ልብስ ለብሶ ነበር። ሕዝቡ መንገድ ሞልቶ ሲያየው ነፋስ ወሰደውና ካሰበው ቦታ ርቆ ጣሪያ ላይ አረፈ። ሁለተኛውም ጊዜ ያው ነው፤ ያረፈው ፖሊስ ጣቢያ ላይ ነው።

ነገሩ ያስቃል፤ ግን በፊዚክስ ሲታይ ምንም የሚገርም አይደለም። የዚያ ዘመን ክብ ፓራሹት መሪ የለውም። በሴኮንድ 6 ሜትር የሚወርድ ሰው ከ600 ሜትር ለመውረድ 100 ሴኮንድ ይፈጅበታል። በሴኮንድ 5 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ካለ ግማሽ ኪሎ ሜትር ወደ ጎን ይወስደዋል። ቢሆንም ሁለቱም ዝላዮች የተሳኩ ነበሩ። ለምን ቢባል ጁሊያን ከመነሳቱ በፊት እንደሚዘል ወስኗል፤ በቂ ከፍታም ነበረው።

ቀጥሎ የመጣው ግን እንዲህ አልነበረም። ጁሊያን ከኒውዮርክ ተነስቶ ኢትዮጵያ ድረስ እበራለሁ ብሎ አወጀ። ለዚህም ከሀርለም ሕዝብ ገንዘብ ተሰበሰበ። ይህ ገንዘብ የባለጸጋ ገንዘብ አይደለም፤ አብዛኛው ከሠራተኛው ሕዝብ ኪስ የወጣ ነው። አውሮፕላኑ በውሃ ላይ የሚነሳ ሲሆን ስሙም «ኢትዮጵያ አንደኛ» ተባለ። በጁላይ 4 ቀን 1924 ሕዝቡ ወንዝ ዳር ተሰብስቦ ሲጠብቅ ጁሊያን ተነሳ። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ከአውሮፕላኑ ሥር ካሉት ተንሳፋፊ እግሮች አንዱ ወለቀ። አውሮፕላኑ ሚዛኑን ስቶ ፍላሺንግ ቤይ ውስጥ ወደቀ። ጁሊያን ተጎድቶ ተረፈ፤ የሕዝቡ ተስፋና ገንዘብ ግን ውሃ በላው።

ጁሊያን አውሮፕላኑን ሳይለቅ አብሮት ነው የወደቀው። ያ አውሮፕላን የብዙ ድሆች ገንዘብ ነው፤ የሕዝብ ዓይን ያረፈበት ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ትቶ መዝለል ለማንም ይከብዳል። ወደፊት እንደምናየው ዛሬም አብራሪዎችን የሚገድለው ይኸው ክብደት ነው።

ወደ ኢትዮጵያ መምጣት

የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ ያረፈው በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ነው፤ ፖቴዝ 25 የተባለ የፈረንሳይ ሥሪት ነበር። ከዚያ በኋላ ዓመት ሳይሞላ፣ በ1930፣ ጁሊያን በኢትዮጵያ ግብዣ አዲስ አበባ ገባ። ዘውድ ለመጫን ይዘጋጁ በነበሩት በንጉሠ ነገሥቱ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፊት በፓራሹት ዘለለ፤ ከተቀመጡበትም ብዙ ሳይርቅ አረፈ። ሰው ከሰማይ በጨርቅ ተንጠልጥሎ ሲወርድ ለአብዛኛው ተመልካች የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ንጉሠ ነገሥቱ ተደስተው የዳግማዊ ምኒልክ ኒሻን ሸለሙት፤ የኢትዮጵያ ዜግነትና የኮሎኔልነት ማዕረግም ሰጡት።

በዚያው ሰሞን፣ በመስከረም 1923 ዓ.ም.፣ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻቸውን በረሩ። እነሱ በፈረንሳውያን አስተማሪዎች ሥር ቀስ እያሉ የተማሩ ናቸው። የጁሊያን መንገድ ደግሞ የትርዒት መንገድ ነበር። ከፈረንሳውያኑ አብራሪዎች ጋርም አልተስማማም።

ለዘውድ በዓሉ ዝግጅት ሲደረግ ንጉሠ ነገሥቱ በጣም የሚወዷት ጂፕሲ ሞዝ የተባለች የእንግሊዝ ሥሪት አውሮፕላን ነበረች። ባለ ሁለት ሰው፣ ሞተሯም 100 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። በጥቅምት ወር ጁሊያን ይህችን አውሮፕላን አስነስቶ ከባሕር ዛፍ ጋር አጋጫት። ሰውየው ተረፈ፤ አውሮፕላኗ ግን ተሰባበረች። ጁሊያን ተንኮል ተሠርቶብኛል ብሎ ተከራከረ፤ ሌሎች የችሎታ ጉድለት ነው አሉ። ክርክሩ ምንም ይሁን ምን ከበዓሉ በፊት አገር ለቆ እንዲወጣ ተደረገ። የዘውድ በዓሉ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ሲከበር በንጉሡ ፊት ከሰማይ የወረደው ኮሎኔል አልነበረም።

መቼ ነው መክፈት ያለበት?

እስቲ ይህን አደጋ በቁጥር እንየው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚያ የአየሩ እፍጋት በባሕር ወለል ካለው 79 በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ አውሮፕላን ለመነሳት 12 በመቶ ያህል ተጨማሪ ፍጥነት ይፈልጋል። ሞተሩ ግን የሚስበው አየር ስለሳሳ ጉልበቱ ይቀንሳል። ፓራሹትም ቢሆን በሳሳ አየር በዚያው መጠን ፈጥኖ ይወርዳል። በእኛ በሶዶ ከፍታ፣ በ2,000 ሜትር ገደማ፣ ልዩነቱ 10 በመቶ ያህል ነው። በደጋ አገር የሚበር ሰው ይህን ሳያሰላ መነሳት የለበትም።

ቀጥሎ የባሕር ዛፉን ጉዳይ እንይ። ዛፉ 30 ሜትር ነው ብንል ከጫፉ የሚወድቅ ነገር መሬት ለመድረስ 2 ሴኮንድ ተኩል ይበቃዋል። ፓራሹት ለመከፈት 3 ሴኮንድ ይፈልጋል ብለናል። ስለዚህ በዚያች ሰዓት ጁሊያን የዓለም ምርጥ ፓራሹት ጀርባው ላይ ቢኖረውም አይጠቅመውም ነበር። ከመነሻው ላይ ለሚመጣ አደጋ መድኃኒቱ መሬት ላይ እያሉ ማሰብ ነው፤ መንደርደሪያው ይበቃል ወይ፣ ከፊት ያለው ዛፍ ምን ያህል ይረዝማል፣ እስከ የትኛው ምልክት ድረስ ካልተነሳሁ አቆማለሁ ብሎ መወሰን።

ከፍ ብሎ ሳለ አውሮፕላኑ ከቁጥጥር ቢወጣስ? እየተሽከረከረ በሴኮንድ 40 ሜትር የሚወድቅ አውሮፕላን እናስብ። አብራሪው ነገሩ እንዳበቃለት ማመን አለበት። ቀበቶውን ይፈታል፣ መስኮቱን ይከፍታል፣ ይወጣል፣ እጀታውን ይስባል። ይህ ሁሉ 10 ሴኮንድ ቢፈጅ 400 ሜትር ጠፋ ማለት ነው፤ በዚያ ላይ የመክፈቻው ጊዜ አለ። በዚህ ምክንያት 600 ሜትር ገደማ ከመሬት በላይ ሲደርስ አውሮፕላኑ ካልታዘዘ ሳይከራከር መልቀቅ አለበት የሚል ደንብ በብዙ አብራሪዎች ዘንድ ይሠራበታል። ሲረስን የሚያበሩትም የሚሠለጥኑበት የውሳኔ ከፍታ ይኸው 600 ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ በታች ከባድ ችግር ከመጣ ወዲያውኑ እጀታውን መሳብ ነው።

600 ሜትር ምን ያህል እንደሆነ ለመገመት ዳሞታን ቀና ብሎ ማየት ይበቃል። የዳሞታ ጫፍ ወደ 2,900 ሜትር ስለሚጠጋ ከከተማችን በላይ 900 ሜትር ገደማ ይነሳል። የተራራው ሁለት ሦስተኛ ላይ ሲደርስ አብራሪው ወስኖ መጨረስ አለበት ማለት ነው። ከታች ሆኖ ለሚያይ በጣም ከፍ ያለ ይመስላል፤ በሴኮንድ 40 ሜትር ለሚወድቅ ሰው ግን 15 ሴኮንድ ብቻ ናት።

ፓራሹት በተገጠመላቸው አውሮፕላኖች መጀመሪያ ዓመታት ላይ የታየው ችግር የመሣሪያው ብልሽት ሳይሆን የሰው ማመንታት ነው። እጀታው ከራሳቸው በላይ ተንጠልጥሎ ሳይስቡት የሞቱ አሉ፤ የሳቡትም በጣም ዘግይተው የሆነ አሉ። አውሮፕላኑ ውድ ነው፣ ትንሽ ብሞክር ይድናል፣ ሰው ምን ይለኛል እያሉ ከፍታው ያልቃል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው። ሥልጠናው ተለውጦ አብራሪዎች ከመነሳታቸው በፊት በየትኛው ከፍታ ምን እንደሚያደርጉ ጮክ ብለው እንዲናገሩ ከተደረገ ወዲህ ግን ብዙዎች በጊዜ መሳብ ጀመሩ።

የኋላ ዘመኑ

ጁሊያን ጣሊያን ኢትዮጵያን ለመውረር ስትዘጋጅ በ1935 እንደገና መጣ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆቴል ከጆን ሮቢንሰን ጋር ተጣልተው ተደባደቡ። ከዚያ በኋላ ጁሊያን ከአየር ኃይሉ ርቆ አምቦ ላይ ምልምል ወታደሮችን እንዲያሠለጥን ተመደበ፤ ሮቢንሰን ደግሞ አውሮፕላኖቹን እየመራ በጦርነቱ አገለገለ። ጁሊያን ያ ዓመት ሳያልቅ አገር ለቆ ሄደ። ሄዶም ዝም አላለም፤ ስለ ኢትዮጵያና ስለ ንጉሠ ነገሥቷ ክፉ ተናገረ። ለኢትዮጵያ ገንዘብ ያዋጡ፣ አደባባይ የወጡ የአሜሪካ ጥቁሮች በዚህ በጣም አዘኑ።

ከዚያ በኋላም አርፎ አልተቀመጠም። በ1940 የናዚ ጀርመንን የአየር ኃይል አዛዥ ኸርማን ጎሪንግን በአየር ላይ ፍልሚያ እንዲገጥመው ጠየቀ። በ1942 በአሜሪካ ጦር ውስጥ በተራ ወታደርነት ገባ፤ በዓመቱ በዕድሜው ምክንያት ተሰናበተ። ከጦርነቱ በኋላ የጦር መሣሪያ ነጋዴ ሆነ። በ1962 በኮንጎ የተባበሩት መንግሥታት ኃይሎች ይዘው ለወራት አሠሩት። በ1964 የሕይወት ታሪኩን የያዘ መጽሐፍ ታተመለት። በፌብሩዋሪ 1983 ኒውዮርክ ብሮንክስ ውስጥ በ85 ዓመቱ ዐረፈ።

ማጠቃለያ

ጁሊያንን አሞግሶ መጨረስም ሆነ ቀልዶበት ማለፍ ቀላል ነው። ሁለቱም ግን ፍርደ ገምድል ይሆናል። ጥቁር ሰው ከሰማይ ሲወርድ ያዩ የሀርለም ልጆች እኛም እንችላለን እንዲሉ ያደረገ ሰው ነው። የኢትዮጵያን ስም አውሮፕላን ላይ ጽፎ ተነስቷል። በሌላ በኩል ሰው አምኖ የሰጠውን ገንዘብና አውሮፕላን አጥፍቷል፤ በመጨረሻም የሸለመችውን አገር አሳዝኗል።

በሙያው በኩል ሲታይ ጁሊያን ፓራሹትን ከብዙዎች ቀድሞ የተረዳ ሰው ነበር። አቅዶ በዘለለባቸው ጊዜያት ሁሉ በሰላም ወርዷል። የጎዳው ሳይዘጋጅ በተነሳባቸው ቀናት የደረሰበት ነው። እኛ ምናልባት አውሮፕላን አናበር ይሆናል። ነገር ግን ላቦራቶሪ ውስጥ ጋዝ ሲሸት፣ የኤሌክትሪክ ገመድ ሲግል፣ የምንነዳው መኪና ፍሬን ሲለሰልስ የምናደርገው ነገር አንድ ዓይነት ነው። ትንሽ ልየው ማለት ይቀናናል። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል የሚሉት ለዚህ ነው፤ እስከየት እንደምንታገስ ወሰኑን ቀድመን፣ ልባችን ሳይደነግጥ፣ ማስቀመጥ አለብን።

በመጨረሻም፣ ስለ ሚሽካ ባቢቼፍና ስለ አስፋው ዓሊ የምታውቁ የክፍላችን ተማሪዎች በሚቀጥለው እትም ብትጽፉልን ታሪኩ ይሟላል። እነሱ ያለ ጫጫታ ተምረው ያለ ጫጫታ የበረሩ ናቸውና ከጁሊያን ጋር ጎን ለጎን ቢነበቡ ብዙ ያስተምሩናል።